ነፍሰ ጡር እናቶችና እርጎ፦ ስለ ፕሮባዮቲክ ምን ያህል እናውቃለን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ያቀረቡት ንግግር)







የዝግጅት ኮሚቴው ሲጠራኝ «ስለ ወተት ምርት የሚናገር ሞልቶናል፤ አንቺ ስለ እናቶች ጤና ጥቂት በይን» ነበር ያለኝ። ከወተቱ ግን አላመለጥኩም። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የሚጀምረው ከወተት ጀሪካን ነው።

በእርግዝና ክትትል ቀን አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እኔ ዘንድ መጣች። የደም ግፊቷን ለክቼ፣ የፅንሱን ልብ ምት አዳምጬ ስጨርስ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየችኝ። በውስጡ እንክብል አለ። «ለልጁ ጥሩ ነው፣ ፕሮባዮቲክ ይባላል ብለውኝ ከከተማ አስገዛሁት፤ ልዋጠው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። ስንት እንደገዛችው ጠየቅኋት። የአሥር ቀን የወተት ሒሳብ ነው አለችኝ። ትናንት ምን በላሽ? እንጀራ በሽሮ። ወተትስ? «ወተቱማ የማኅበሩ ነው።» በቤቷ የምትታለብ አንዲት ላም አለቻቸው፤ ጠዋት የምትሰጠው ስድስት ሊትር ከትንሹ ልጅ ጣሳ በቀር በሙሉ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። እርጎስ አልቀምስም ወይ? ስላት ያለችኝን እስካሁን አልረሳሁትም፤ «እርጎ የምናገኘው ወተቱ ሲመለስብን ነው።»

እዚህ ያላችሁ የወተት መሰብሰቢያ ማዕከል ሠራተኞች ነገሩ ወዲያው እንደገባችሁ አውቃለሁ። ወተቱ በአልኮል ምርመራ ሲረጋ፣ ወይም ከመንገድ ርቀትና ከፀሐይ የተነሣ መኮምጠጥ ሲጀምር ትመልሱታላችሁ። መመለሳችሁ ትክክል ነው። ያ የተመለሰ ወተት ቤት ሲደርስ ሳይፈላ ተቀምጦ ይረጋል፤ የነፍሰ ጡሯም ድርሻ እሱ ይሆናል። ሕያው የሆነውን ጠቃሚ ነገር በአሥር ቀን የወተት ገንዘብ በብልቃጥ ገዝታ፣ በቤቷ ደግሞ ለእሷ አደገኛ የሆነውን እርጎ ትጠጣለች ማለት ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

እስቲ ፕሮባዮቲክ የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው የሩሲያ ተወላጁ ሳይንቲስት ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ብዙ እርጎ እንደሚጠጡና ብዙ እንደሚኖሩ ሰምቶ፣ በእርጎ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ሆድ ውስጥ ያሉትን ጎጂዎች ያዳክማሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1907 በመጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። ስለ ዕድሜው የተናገረው ሁሉ አልተረጋገጠለትም፤ መንገዱን የከፈተው ግን እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች በአርጀንቲና ኮርዶባ ከተማ ተሰብስበው ለቃሉ ትርጉም ሰጡት። ትርጉሙ በእኛ አነጋገር ሲቀመጥ፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በሕይወት ያሉና በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለሰው ጤና ጥቅም የሚሰጡ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚል ነው። በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ሕያው መሆን አለባቸው፤ መጠናቸው መብቃት አለበት፤ ጥቅማቸው መረጋገጥ አለበት። የሞተ ከሆነ አይደለም፤ ጥቂት ከሆነ አይደለም፤ ጥቅሙ ያልታየ ከሆነም አይደለም።

«ታዲያ የእናቴ እርጎ ፕሮባዮቲክ ነው ወይስ አይደለም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በሳይንሱ ጥብቅ ቋንቋ በየቤቱ የሚረጋው እርጎ በዚህ ስም አይጠራም። ምክንያቱም በአንዱ ቅል ውስጥ ያለው ተሕዋስ ከሌላው ይለያል፤ የትኛው ዝርያ በምን ያህል መጠን እንዳለ የለካው የለም። ይህ ማለት ግን እርጎ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወተቱን የሚያረጉት የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሕያዋን ናቸው። የወተቱን ስኳር ቀድመው ስለሚበሉት ወተት ሲጠጣ ሆዱ ለሚነፋው ሰው እርጎው ይቀልለዋል። ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ እርጎ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ካልሲየም በምግባቸው ለሚያንሳቸው ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም በተጨማሪነት እንዲሰጣቸው የሚመክረው፣ በእርግዝና የሚመጣውን የደም ግፊት መመረዝ ስለሚቀንስ ነው። ብርጭቆዋ እርጎ ይህን ሁሉ አትሞላም፤ ከሽሮ ጋር ስትደመር ግን ቀላል ነገር አይደለችም።

በእርግዝና ጊዜ ሆድ ይደርቃል። የእርግዝናው ሆርሞን አንጀትን ያዘገየዋል፤ የምንሰጣቸው የብረት እንክብል ደግሞ ይብሱን ያደርቀዋል። ብዙ እናቶች እንክብሉን በድብቅ የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነው። እርጎ፣ ውኃና አትክልት ለዚህ ያግዛሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ የብረቱን እንክብል በእርጎ ወይም በወተት አትዋጡት። የወተቱ ካልሲየም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ። ቡናና ሻይም እንዲሁ ናቸው።

ስለ ብልቃጡ እንክብል ግን ሌላ ነገር መናገር አለብኝ። አንዳንድ ሻጮች ፕሮባዮቲክ ለነፍሰ ጡር የማያደርገው ነገር የለም ይላሉ። በእርግዝና የሚመጣን የስኳር ሕመም ይከላከላል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በአውስትራሊያ ብሪዝበን ክብደታቸው ከፍ ባለ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን አልከለከለም ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የዓለምን ጥናቶች ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ፣ ስኳሩን መከላከሉ አለመታየቱን ብቻ ሳይሆን እንክብሉን በወሰዱት ዘንድ የእርግዝና የደም ግፊት መመረዝ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጸ። ይህ የተጠናው በእንክብልና በመሳሰለው መልክ ተለክቶ የሚሰጠው ነው እንጂ በምሳ ላይ ስለሚጠጣ እርጎ አይደለም። ስለዚህ ለዚያች እናት የመለስኩላት «አትዋጪው፤ ሐኪም ካዘዘልሽ ብቻ» ብዬ ነው። ገንዘቧ ያሳዝናል። ግን ምን ይደረግ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልግባ፤ እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች እንደማይስማሙኝ አውቃለሁ።

ያልፈላ ወተት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም እንዲሁ። ላሞቻችን ከሚይዙት በሽታ አንዱ ብሩሴሎሲስ ነው፤ ላሟን የሚያስጨነግፋት እሱ ነው። ባክቴሪያው ከላሟ ወደ ወተቱ ይወጣል። በሰው ላይ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በየቤቱ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ ይታለፋል። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ሁለተኛው ሊስቴሪያ ይባላል። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ እሷን እንደ ቀላል ጉንፋን አልፏት ፅንሱን ይገድላል። ሦስተኛው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው።

«አያቶቻችን ሳያፈሉ ጠጥተው ነው የወለዱን» ይባላል። እውነት ነው። ስንት ሳይወልዱ እንደቀሩ ግን የቆጠረላቸው የለም። አያቶቻችን ጥበብ አልነበራቸውም እያልኩ አይደለም። ቅሉን በወይራ ወይም በጥንጁት ማጠናቸው ጥሩ መዓዛ ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ጭሱ በዕቃው ውስጥ የቀሩትን ተሕዋስያን ይቀንሳል፤ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያዘገየዋል። የእርጎው ኮምጣጣነትም ብዙ ጎጂ ነገሮችን ያዳክማል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብሩሴላን ለመግደል አይተማመኑባቸውም፤ በኮመጠጠ ወተት ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላልና። ማጠኑን አትተዉ። ማፍላቱን ጨምሩበት።

በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ይህን ስናገር አንዲት ጎበዝ እናት ተነሥተው «ከፈላማ ሕያው የሚባለው ነገር ሁሉ ሞተ፤ ታዲያ ምኑ ሊጠቅመኝ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከብዙ የተማረ ሰው ጥያቄ ይበልጣል። መልሱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ወተቱ ይፈላል፤ ጎጂውም ጠቃሚውም ይሞታል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ጠቃሚዎቹ በእርሾ መልክ ይጨመራሉ። ከተጨመሩ በኋላ ወደ እሳት አይመለስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ወተት እየተማሰለ ይፈላል። ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ ንጹሕ ጣት ገብቶ ሳያቃጥል ሞቅ ሲል፣ በቴርሞሜትር ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ማለት ነው፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨመርበትና ይቀላቀላል። በጣም ሙቅ ሳለ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል፤ በጣም ከቀዘቀዘ አይረጋም። ዕቃው ተከድኖ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ይቀመጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይረጋል፤ ብርድ ባለበት ማታ ተደርጎ ጠዋት ይነሣል። ከረጋ በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥና ቶሎ መጨረስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሾው ነው። ወተቱን አፍልታችሁ እርሾውን ካልፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ብታመጡ፣ በበሩ ያስወጣችሁትን በመስኮት አስገባችሁት ማለት ነው። የመጀመሪያው እርሾ ከፈላ ወይም ከፓስተራይዝድ ወተት ከተሠራ እርጎ መምጣት አለበት። ይህ ነው የዩኒየኑ እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ሌሎቹ ምግቦቻችን ባጭሩ፦ አሬራ ሞቆ አይብ ሲወጣ ሙቀቱ ሕያዋኑን ይቀንሳል ወይም ይጨርሳቸዋል፤ አይብ በፕሮቲኑ ግን ምርጥ ነው። እንጀራም የተቦካ ነው፤ ምጣድ ላይ ሕያው ነገር አይተርፍም። ነገር ግን መቡካቱ በጤፉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚፈታው ለነፍሰ ጡር ትልቅ ውለታ ይውላል። ስለዚህ እርሾ ሳይደረግበት ለችኮላ በአፍለኛ የሚጋገረውን አላበረታታም። ጠላ? ጠላም የተቦካ ነው የሚሉኝ ባሎች አሉ። ጠላ አልኮል አለው፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አለቀ።

እናቶች እርጎ የማይጠጡት ግን ስለሌለ ብቻ አይደለም። በየቀበሌው «ወተትና እርጎ የጠጣች ነፍሰ ጡር ልጇ ነጭ ነገር ራሱ ላይ ተለጥፎበት ይወለዳል» የሚል አለ። እኔ ሳዋልድ ነጩን ቅባት አየዋለሁ። ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም ላይ አለ። ፈጣሪ የሕፃኑን ቆዳ በእንሽርት ውኃ ውስጥ እንዲጠብቅበት የሰጠው ቅባት ነው እንጂ እርጎ አይደለም። «ልጁ ገዝፎ ምጥ ይከብዳል» የሚሉም አሉ። እኛ ጤና ጣቢያ በብዛት የምንታገለው ግን ከገዘፈ ልጅ ጋር ሳይሆን ኪሎው ካነሰ ልጅ ጋር ነው። የጾሙ ነገርም አለ። እኔ የሃይማኖት አስተማሪ አይደለሁም፤ የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። በኮንፈረንሳችን የተገኙ ካህናት ነፍሰ ጡር በጾም እንደማትገደድ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ሲናገሩት ይሰማል።

ይህ ሁሉ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ምን ያገናኘዋል ለምትሉ ሁለት የጎረቤት ምሳሌ ላንሣ።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው የታንዛኒያ ከተማ በምዋንዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከካናዳው ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተጀመረ ፕሮግራም የአካባቢው ሴቶች በቡድን ተደራጅተው ፕሮባዮቲክ እርጎ ማምረትና መሸጥ ጀመሩ። ምርጥ ዝርያውን ዩኒቨርሲቲው ሰጣቸው፤ ማፍላቱን፣ ማርጋቱንና ሽያጩን ሴቶቹ ያዙት። በዚያው ከተማ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አነስተኛ የሙከራ ጥናት አለ። እርጎው እኛ ሽፈራው የምንለው ተክል ተጨምሮበት የተሰጣቸው እናቶች ደም ውስጥ ሜርኩሪና አርሴኒክ የሚባሉት መርዞች ካልወሰዱት ያነሰ ጭማሪ አሳይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አንሸከምበትም። እኔን የማረከኝ የሴቶቹ አደረጃጀት ነው።

ሁለተኛው ዩጋንዳ ነው። ጎርባክና ጎልዲን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 የለዩት፣ በስማቸው መነሻ ፊደል «ጂጂ» የሚባል የላክቶባሲለስ ዝርያ አለ፤ ከዓለም እጅግ ከተጠኑት አንዱ ነው። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ይህንኑ ዝርያ ደርቆ በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ እርሾ አደረገውና ለዩጋንዳ አነስተኛ እርጎ አምራቾችና ማኅበራት አዳረሰው። አርሶ አደሩ ወተቱን በማሰሮ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከከረጢቱ ይነሰንስበታል። የሚያስፈልገው ፋብሪካ ሳይሆን ምድጃ፣ ማሰሮ፣ ቴርሞሜትርና ንጹሕ እጅ ነው።

እኛ ከእነዚህ የሚያንስብን የለም። ወተት አለን። ማቀዝቀዣ ታንክ ያላቸው ማዕከላት አሉን። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወዲህ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ ባለሙያዎች አሉን። የጎደለው፣ ወተቱ ሲሰበሰብ ማን ቤት ምን እንደቀረ የሚጠይቅ ነው። ማኅበሩ የሚቆጥረው የገባውን ሊትር ነው፤ በቤት የቀረውን የሚጽፍበት መዝገብ የለውም። ደብተሩ የተጻፈው በባል ስም ነው፤ ገንዘቡም በባል እጅ ነው፤ ላሟን የምታልበው፣ ጀሪካኑን የምታጥበው፣ አንዳንዴም ሆዷ ገፍቶ ተሸክማ የምታመጣው ግን ሚስት ናት። አባቶች፣ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

በመሆኑም ለመጪው ጠቅላላ ጉባዔ አጀንዳ እንዲያዝልኝ የምጠይቀው አለ። የመጀመሪያው፣ በቤቱ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ያለበት አባል በቀን አንድ ሊትር ቢያስቀር ከኮታው እንዳይቆጠርበትና የዓመቱ ትርፍ ክፍፍል ሲሰላ እንዳይቀነስበት በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍለት። አንዳንድ ሊቀመናብርት «ማን ከለከላቸው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የከለከለ የለም፤ ነገር ግን ብዙ ሊትር ላስገባ ሽልማት በየዓመቱ እንሰጣለን፤ ዛሬም ሰጥተናል። እናቲቱም ይህን ታያለች። ሌላው፣ ከማዕከላቱ በአንዱ በፈላ ወተት ንጹሕ እርሾ እየተዘጋጀ በሳምንት አንድ ቀን ለአባል እናቶች በጣሳ ይታደል። ወጪው ጥቂት ሊትር ወተትና አንድ ቴርሞሜትር ነው። የወረዳው እንስሳት ሀብት ባለሙያዎች ደግሞ የምታስጨነግፍ ላም በታየች ቁጥር ለማዕከሉ ብቻ ሳይሆን ለጤና ኬላውም ያሳውቁ፤ የዚያን ቤት ነፍሰ ጡር እኛ እንድናያት።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለችኝ። በጤና ጣቢያችን የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። መንገድ የራቀባቸው እናቶች የመውለጃ ቀናቸው ሲደርስ እዚያ ያርፋሉ። ኅብረተሰቡ እህል አዋጥቶ ገንፎ ይበላሉ፤ ቡናም ይፈላላቸዋል። እርጎ ግን ገብቶ አያውቅም። በየሳምንቱ ረቡዕ አሥር ሊትር ወተት የሚሰጠን መሠረታዊ ማኅበር ቢገኝ፣ የምናፈላው እኛ ነን፤ የምናረጋው እኛ ነን፤ እናቶቹም አሠራሩን እዚያው አይተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ማሰሮ አለን። ክዳኑ ብቻ ጠፍቷል።

ያቺ የብልቃጡ እናት በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ልጅ ነው። በዘጠነኛው ወር ለክትትል ስትመጣ እርጎ በትንሽ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ከፈላ ወተት የሠራችው እንደሆነ ቅመሺልኝ አለችኝ። ትንሽ ቀጥኗል። ወተቱ ሳይሞቅ አይቀርም እርሾ ስትጨምርበት እንጂ ጣዕሙ ጥሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ያላችሁ በምሳ ሰዓት ከድንኳኑ በስተቀኝ ታገኙኛላችሁ። እርሾም ይዤ መጥቻለሁ፤ ዕቃ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።